ሕመምተኛ መጠየቅ የከለከልሁ ጸሐፊ

ሰው ጥፋቱን የሚናዘዘው ወሬው ካለቀ በኋላ ነው። እኔ ግን በልባችሁ ሌላ ሰው እንዳትጠረጥሩብኝ ከወዲሁ ልናዘዝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። እኔ የማኅበር ጸሐፊ ነኝ። ማኅበራችን ቢሮ የለውም፣ መኪና የለውም፤ ያለው ሱዳን ውስጥ፣ ገዳሪፍ ከተማ፣ ከሰሊጥ ገበያው ጀርባ፣ ሁለት ክፍልና አንድ የሣር ዳስ ያለው ቤት ነው። እንዲህ ባለ ማኅበር ጸሐፊ ሆኖ የሚመረጠው እስክሪብቶ ይዞ ስብሰባ የመጣ ሰው ነው። እኔ እስክሪብቶ የያዝሁት ለሌላ ጉዳይ ነበር፤ ግን አንዴ አጨብጭበው ጨርሰዋል፣ ምን አደርጋለሁ።

ቤቱ የሕመምተኞች ማረፊያ ነው። ሰሊጥ ለማጨድ ከጎንደር፣ ከመተማ፣ ከቋራ ቆላ የሚሻገሩ ወገኖቻችን ወባው ወይም ካላዛሩ ሲጥላቸው ከእርሻው ወደ ከተማ ይመጣሉ። ሆስፒታሉ መድኃኒቱን ይሰጣል። አልጋ ግን፣ ጦርነቱ ከካርቱም ያፈናቀለው ሰው ከተማውን ካጣበበው ወዲህ፣ በእግሩ መቆም ለሚችል ሰው አይታሰብም። ስለዚህ እኛ ጋ ያድራሉ፣ ይበላሉ፣ ሄደው መርፌያቸውን ተወግተው ይመለሳሉ። እትዬ ብርዛፍ ታበስልላቸዋለች። እሷ ማኅበሩ ሳይመሠረትም ታበስል ነበር፤ እንዲያውም ማኅበሩ የተመሠረተው እሷ ማብሰሏን አልተውም ስላለች ነው።

የሚበስለው ከየት ይመጣል ብሎ በዚያን ጊዜ የጠየቀ አልነበረም። ለጋሽ የሚባል ሰው አልነበረንም፤ የነበረን ሕመምተኛ ጠያቂ ብቻ ነው። የኛን ሰው ታውቁታላችሁ፤ ታማሚ ቤት ባዶ እጁን ከሚገባ ከደጅ ቢመለስ ይመርጣል። አንዷ ስኳር በወረቀት ጠቅልላ፣ አንዱ ምስር፣ አንዱ ብርቱካን፣ አንዱ ሳሙና ይዞ ይመጣል። ያመጣውን እንደ ሰረቀ ሰው ዓይኑን ሰብሮ ለብርዛፍ በጓሮ ያቀብላትና ገብቶ አንገረቡ ጫፍ ላይ ይቀመጣል። አንገረብ እዚህ በገመድ የሚጠለፈው አልጋ ነው።

አቀማመጣቸውን ግን አያድርስ! አያ አበጀ የሚባል የሎሪ ሾፌር አለ፤ ከገዳሪፍ ገላባት እህል ያመላልሳል፤ ሰውነቱም ከጭነቱ ብዙ አያንስም። እሱ ከግርጌ ሲቀመጥ ታማሚው ከራስጌ ብድግ ይላል። ከዚያ "ምንህን ነው?" ይላል። ሲነግሩት በዚያው በሽታ የሞቱ የሚያውቃቸውን ሰዎች በስም፣ በአገር፣ ከነአሟሟታቸው ይተርካል። ሲጨርስ "አንተ ግን አይዞህ" ብሎ የታማሚውን ትከሻ መታ መታ ያደርግና የታማሚውን ብርቱካን ልጦ ይበላል። ገበያው መሀል ሻይ የምትሸጠው እትዬ ታንጉት ደግሞ የመጣውን ሁሉ "የማን ልጅ ነህ?" ትላለች። አባቱን ሲነግሯት አያቱን፣ አያቱን ሲነግሯት ቅድመ አያቱን ትጠይቃለች፤ ዝምድና ሳታገኝ አትነሣም። ትኩሳት ያለበት ሰው ዘሩን ሲቆጥር ይውላል። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ይህን እያየሁ፣ በሽታው ቢምራቸው ጠያቂው አይምራቸውም እያልሁ እናደድ ነበር።

በዚህ መሀል አንድ የረድኤት ድርጅት ለትናንሽ ማኅበራት የሦስት ቀን ሥልጠና አዘጋጀና ተጠራሁ። ርእሱ "የለጋሾች አያያዝ" ነበር። አዳራሹ ማቀዝቀዣ ነበረው፤ በገዳሪፍ ሙቀት ማቀዝቀዣ ሥር ተቀምጦ የሚነገረውን የማያምን ሰው የለም። አሠልጣኙ ለጋሽና ተጠቃሚ መለየት አለባቸው አለ፤ ጻፍሁ። በዓይነት የሚሰጥ ነገር ለአያያዝ አይመችም አለ፤ ጻፍሁ። ለጋሽ ጊዜ የለውም፣ መስጠትን አቅልሉለት አለ፤ ይህንንማ ሁለት ጊዜ አሰመርሁበት። በሦስተኛው ቀን ማታ የሰጡኝን ማኅደር በብብቴ ይዤ ስመለስ፣ መንገድ ላይ ሰው ሁሉ የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር።

በማግሥቱ ካርቶን ቆርጬ፣ በማስመሪያ እያሰመርሁ ይህን ጻፍሁ፦ "ሕመምተኞች ዕረፍት ያስፈልጋቸዋል። ጠያቂ አይገባም። ድጋፍዎን በስልክ ይላኩ። እናመሰግናለን።" በሩ ላይ ሰቀልሁት። ከዚያ ወዳጆቻችንን ሁሉ በስልክ አንድ ቡድን ውስጥ ሰብስቤ በየሳምንቱ ዘገባ እልክላቸው ጀመር፦ "በዚህ ሳምንት ለአንድ ተጠቃሚ አገልግሎት ተሰጥቷል።" ብርዛፍ ፊደል ስለማታነብ ዘገባውን እኔው አነብላታለሁ።

"ተጠቃሚ ማን ነው?" አለች ከወራት በኋላ አንድ ቀን።

"በዚህ ሳምንት? ሞላ ነዋ።"

"ታዲያ ሞላ አትልም?"

"ሥርዐቱ አይደለም" አልኋት። ሥርዐቱ የማን እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

የመጀመሪያው ወር ሰመረ። ሰዉ በስልክ ላከ፤ እኔም ሥልጠናውን አመሰገንሁ። በሁለተኛው ወር በገንዘቡ ፈንታ የአበባና የተጋጠሙ መዳፎች ሥዕል ይመጣልኝ ጀመር። በሦስተኛው ወር አበባውም ቀረ። ቤቱ ግን ጸጥ ብሎ ነበር፤ ጸጥታውን እንደ ሥራዬ ፍሬ ቆጥሬው ደስ ይለኝ ነበር።

ሞላ ያኔ ብቸኛው ታማሚያችን ነበር። ከመተማ ወዲያ ካለ ገጠር የመጣ የሃያ ሦስት ዓመት ሰሊጥ አጫጅ ነው። ካላዛር ሆዱን ነፍቶ እግሩን አቅጥኖታል። ሕክምናው በየቀኑ ለአሥራ ሰባት ቀን የሚወጋ መርፌ ነው። መሀል ላይ ካቋረጠው በሽታው እንደሚመለስ፣ ሲመለስም እንደሚብስ ሐኪሙ ለሱም ለኔም ነግሮናል። መርፌ በጀመረ በስድስተኛው ቀን፣ ሰኞ፣ ብርዛፍ የምስሩን ከረጢት እያራገፈች ጠራችኝ።

"ያለችን እስከ ቅዳሜ ናት" አለች። "እሱስ ይሁን። ልጁ አገሬ ልግባ እያለ ነው።"

"መርፌውን ሳይጨርስ?"

"ሳይጨርስ። ቅዳሜ የሚወርድ መኪና ካገኘሁ እሄዳለሁ ይላል። ያቀረብሁለትንም አይበላ። ወደ ግድግዳው ዞሮ ነው የሚውል።"

ሄድሁና አስረዳሁት። በሽታውን፣ መድኃኒቱን፣ አቋርጦ የሄደ ሰው ምን እንደሚገጥመው አንድ በአንድ ዘረዘርሁለት። ሞላ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝና "እሺ ጋሼ" አለ። እኛ አገር አንገት ተደፍቶ የሚባል "እሺ" እምቢ ማለት ነው። ደንግጬ ወጣሁ፤ ይህ ሰው እንዲህ ሆኖ ከሄደ በመንገድ እንደሚቀር ታይቶኛል።

የሚበላው ከተገኘ ልጁም ይረጋል ብዬ አሰብሁ። ለምን እንደተዉን ማወቅ አለብኝ። በማኅደሩ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ቅጽ ነበር፤ "ድጋፍዎን ለምን አቋረጡ?" ይላል፤ ከሥሩ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። በንጹሕ ወረቀት ገለበጥሁትና ማክሰኞ ጠዋት ወጣሁ።

እትዬ ታንጉት ከምድጃዋ ጀርባ ተቀምጣለች፤ ስድስት ሰው ሻይ ይጠብቃታል። ቅጹን ሳነብላት ብርጭቆ የያዘው እጇ ባለበት ቆመ።

"አቋረጥሽ ነው የምትለኝ? ማን? እኔ? በስመ አብ!"

"አላቋረጥሽም?"

"እንዲያው ሥራው ቀዝቅዞብኝ ነው እንጅ ወንድምዓለም" አለች። ከኋላዬ ሰባተኛው ሰው "ያ ታንጉት፣ ሻይ!" እያለ በዐረብኛው አጠራር ይጮኻል።

"እንግዲያው ሐ ልበል? ሐ የገቢ መቀነስ ነው።"

"አንተ ካልህ ሐ ይሁን። ይልቅ አሁን ማን አለ እናንተ ጋ? የየት አገር ሰው ነው? የማን ልጅ ነው?"

"የተጠቃሚ መረጃ ለሌላ ወገን አይሰጥም" አልኋት፤ የተማርሁት እንዲያ ነው።

ፀሐይ መትቶኝ እንደሆነ ለማወቅ ይመስላል፣ ግንባሬን ትክ ብላ አየችው። ሻይ አጠጣችኝ፤ ሒሳብ ብላት ተቆጣችኝ። ስነሣ በወረቀት የተጠቀለለ ስኳር እጄ ላይ አኖረች። እኔም፣ አሁን ስጽፈው እንኳ አፍራለሁ፣ "በዓይነት አንቀበልም" ብዬ መለስሁላት። ተቀበለችኝና ከሰሏን ታራግብ ጀመር።

አያ አበጀን ያገኘሁት ከሎሪው ሥር ነው። ሊጠግን ገብቶ እግሩ ብቻ ይታያል፤ ስለዚህ ቅጹን ለእግሩ አነበብሁለት።

"ሀ፣ በአገልግሎቱ ባለመርካት። ለ፣ በመረጃ እጥረት…"

"ያ ኡስታዝ" አለ ከሥር። ኡስታዝ በዐረብኛ መምህር ማለት ነው፤ ሊያከብረኝም ሊያሾፍብኝም ሲፈልግ የሚጠራኝ በዚሁ ነው። "ያ ከሽንፋ የመጣው ጥርሰ ፍንጭት ልጅ፣ መጨረሻው ምን ሆነ?"

"በዘገባው ልኬልህ የለም እንዴ! 'አንድ ተጠቃሚ አገልግሎቱን አጠናቋል' ብዬ።"

እግሮቹ ቀጥ አሉ።

"ሞተ ወይስ ዳነ?"

"ዳነ እንጅ! ድኖ አገሩ ገባ።"

አያ አበጀ እየተንፏቀቀ ወጣ። ፊቱ በዘይት ጠቁሯል፤ ዓይኑ ቀልቷል። "እና ዳነ አትልም! እኔ እኮ ሞተ ብዬ… ዶካ መንገድ ላይ መኪናዬን አቁሜ አልቅሼለታለሁ። የት ቀበራችሁት ብዬ እንዳልጠይቅህ ፈርቼ ነው ወደናንተ ሰፈር መምጣት የተውሁ።" የሰው ሞት እንደዚያ አሳምሮ የሚያወራ ሰው የዚያን ልጅ ሞት ለማንም ሳያወራ ወራት ይዞት ኖሯል። ሀ ነው ለ ብዬ ልጠይቀው አስቤ ነበር፤ በዘይት እጁ ዓይኑን ሲጠርግ ሳየው ግን ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትሁ።

ረቡዕ ወደ ኡም ራኩባ የስደተኞች መጠለያ ሄድሁ። አቦይ ኪዳነ በትግራይ ጦርነት ጊዜ ተሰደው መጠለያው ውስጥ ትንሽ ሱቅ የከፈቱ ሽማግሌ ናቸው። ገዳሪፍ ለዕቃ በመጡ ቁጥር ሳሙና ይዘው ብቅ ይሉ ነበር። ቅጼን ሳሳያቸው ሳቁና ከመደርደሪያቸው ሥር የራሳቸውን ቅጽ አወጡ።

"ይህን ደግሞ እኛን የሚረዱን ሰጡን። ራሽኑን ሲቀንሱብን 'ምን ያህል ረክታችኋል' ብለው። እነሱንም ለጋሾቻቸው ትተዋቸው ነው አሉ።"

"እርስዎስ አቦይ፣ እኛን ለምን ተዉን?"

ቅጻቸውን መልሰው ከመደርደሪያው ሥር ከተቱ። "ወደይ፣ እኔ እዚህ ተረጂ ነኝ። ካርዴም እንዲያ ነው የሚል። ለስንዴ ተሰልፌ፣ ለዘይት ተሰልፌ ዓመታት ሄዱ። እናንተ ጋ ስመጣ ግን የታመመ ሊያይ የመጣ ሽማግሌ ነበርሁ። ያ የጎንደር ልጅ እያቃሰተ ከአልጋው ተነሥቶ 'አባቴ፣ ይቀመጡ' ይለኝ ነበር። አሁን ሳሙናውን በሰው ብልክላችሁ ማን ይቀመጡ ይለኛል?"

ይህ መልስ ከሀ እስከ መ ውስጥ አልነበረም። "ሌላ" የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁና አመስግኜ አውቶቡስ ተሳፈርሁ። ነገሩ ያኔውኑ ገባኝ ብዬ አልዋሻችሁም፤ ግማሽ መንገድ ድረስ የማስበው ቅጹ ላይ "ሠ" ስለ መጨመር ነበር።

ሌላውን ግማሽ መንገድ ምንም አላሰብሁም፤ በዚያ ሙቀት በረደኝ። ገዳሪፍ ስንደርስ ጥርሴ ይንገጫገጫል። ወባ ናት፤ እኛ ቆለኞች ገና ከበር ስትመጣ እናውቃታለን። ብቻዬን የምኖር ሰው ስለሆንሁ ብርዛፍ ክኒኑን አስውጣ ማረፊያው ውስጥ፣ ከሞላ አጠገብ አጋደመችኝ። የማኅበሩ ጸሐፊ እንዲህ አድርጎ ተጠቃሚ ሆነ።

ሐሙስ ተኝቼ ዋልሁ። ዓርብም ተኝቼ ዋልሁ። "ሕመምተኞች ዕረፍት ያስፈልጋቸዋል" ብዬ ስጽፍ ዕረፍቱን ተኝቼ አላየሁትም ነበር። የጣራውን ምስማር ቆጠርሁ፤ ጨርሼ ከሌላው ጫፍ ጀመርሁ። ብርዛፍ ገበያ ስትወጣ የሚሰማው ዝንብ ብቻ ነው። ሐሙስ ዕለት ሦስት ጊዜ የሰው ኮቴ እስከ በራችን መጣ፤ ትንሽ ቆመ፤ ተመለሰ። ሰውየው በሩ ላይ ምን አንብቦ እንደተመለሰ ከኔ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ጨነቀኝና በስልኩ ቡድን ላይ "ጸሐፊው ታሟል" ብዬ ራሴው ጻፍሁ። አበባ መጣልኝ፣ ብዙ አበባ። ለሞላ አሳየሁት፤ እሱም አይቶ ስልኩን መለሰልኝ።

ሞላ ከመርፌው ሲመለስ ውሃ ያጠጣኛል፤ ላቤን በራሱ ፎጣ ይጠርግልኛል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ አንገረቡ ላይ እንደተጋደመ ጠየቀኝ።

"ጋሼ፣ እዚህ አገር በሽተኛ አይጠየቅም?"

"ይጠየቃል።"

"ታዲያ ወደኛ ሰው የማይመጣ ምነው?"

"እኔ ከልክያቸው ነው።"

በክርኑ ተደግፎ ቀና አለና ብዙ አየኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ከልቡ አዝኖልኝ ነበር።

"ምን አድርገውዎት ነው?" አለ።

ምን አድርገውኝ ነው? ስኳር አመጡ፣ ብርቱካን ላጡ፣ ዘር ቆጠሩ። ብርድ ልብሱን እስከ ፊቴ ሳብሁት። አለቀስሁ ብዬ ብነግራችሁ ትኩሳቱ ነው ትሉኝ ይሆናል፤ ትኩሳቱስ በርዶልኝ ነበር። ሰዎቹ ይመጡ የነበረው ሰው ሊያዩ ነው፤ የሚይዙትም ለዚያ ላዩት ሰው ነው። እኔ ሰውየውን ደብቄ ቁጥሩን ላክሁላቸው። ይህ ልጅም አሥር ቀን ሙሉ ግድግዳ ሲያይ የኖረው በኔ ምክንያት ነው። መርፌው ሳይሆን ዝምታው ነው ያሰለቸው።

"ብርዛፍ" አልኋት ስትገባ፣ "ያን ካርቶን ከበሩ ላይ አንሽልኝ።"

"እሱንማ ዛሬ ጠዋት ከሰል አያያዝሁበት።"

"ማን ፈቀደልሽ?"

"ከሰሉ እርጥብ ነበር" አለች። "ለታንጉትም መታመምህን ነግሬያታለሁ። በስልክ አይደለም፤ ሄጄ።"

ቅዳሜ ረፋድ ላይ መጡ። ታንጉት ምድጃዋን ለጎረቤቷ አደራ ሰጥታ፣ ስኳሩን እጥፍ አድርጋ መጣች፤ ለኔ አላሳየችኝም፣ እንደ ገባች ብርዛፍ ጉያ ውስጥ ከተተችው። የአያ አበጀ ሎሪ ደጁን ሁሉ ዘጋው፤ እሱ ግማሽ ጆንያ ማሽላ ተሸክሞ በሩ ስለጠበበው በጎኑ ገባ። አቦይ ኪዳነ ወሬው እንዴት ኡም ራኩባ እንደደረሳቸው እንጃ፣ ሳሙናቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው ደረሱ። የጎረቤት ሱዳናውያን ሴቶች ፉል በድስት ይዘው ገቡና በዐረብኛ መረቁን። ብርዛፍ የሚቀመጥበት ዕቃ አልቆባት ምስሩን በባልዲ ትቀበል ጀመር።

አያ አበጀ ከግርጌዬ ተቀመጠ፤ እኔም ከራስጌ ብድግ አልሁ።

"ምንህን ነው?"

"ወባ።"

"ወባ" አለ ራሱን እየነቀነቀ። "አንድ የማውቀው ጸሐፊ ነበር፤ እንዳንተው ቀጭን፣ እንዳንተው ነገረኛ…"

ጸሐፊው ሞተ። ቶሎም አልሞተም፤ የቀብሩን ሥነ ሥርዐት ሳይቀር ሰማሁ። በሕይወቴ እንደዚያ የጣመኝ ወሬ የለም። "አንተ ግን አይዞህ" ብሎ ትከሻዬን መታ ሲያደርገኝ፣ እውነት ለመናገር፣ አይዞኝ አልሁ።

ሞላ ለአቦይ ኪዳነ ተነሥቶ "አባቴ፣ ይቀመጡ" አላቸው። አቦይ ኪዳነ ተቀመጡና ወደኔ አዩ፤ እኔ የጣራውን ምስማር አየሁ። ይህን ጊዜ ታንጉት ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ሞላ ዞረች።

"አንተስ፣ የማን ልጅ ነህ?"

አባቱን ነገራት። አያቱን ነገራት። ታንጉት ጣቷን እያጠፈች ቆጠረች፤ በአባቱ በኩል ጠፋ፤ በእናቱ ሞከረች፣ ጠፋ። ክፍሉ ሁሉ ይጠብቃል። ሞላም ግንባሩን ቋጥሮ ይፈልግላታል፤ ከመጣ ጀምሮ እንደዚያ ለአንድ ነገር ሲተጋ አላየሁትም። በመጨረሻ የእናቱ አጎት የታንጉት አክስት በተዳረችበት መንደር ለአንድ ክረምት አስተማሪ ሆኖ እንደነበር ተገኘ።

"ይኸው! ልጄ ነህ" አለች፤ ሰዉም እፎይ አለ። ፉሉን በዳቦ ጠቅልላ አጎረሰችው። ጎረሰ። ደገመችው፤ ጎረሰ። ብርዛፍ በሩ ላይ ቆማ ስታይ ቆየችና ፊቷን አዙራ ወጣች።

አያ አበጀ ግን የሰማውን መናገር አለበት። "አገሬ ልግባ ብለሃል አሉኝ" አለው ሞላን። "ሰኞ ጭኜ ወደ ገላባት እወርዳለሁ። የፊት ወንበር ባዶ ነው፤ ከፈለግህ እስከ ድንበሩ ላድርስህ።"

መርፌው ሊቋረጥ ነው አልሁ በልቤ። እንዳልከለክለው ደግሞ በዚህ ቤት ከእንግዲህ ማንንም አልከለክልም ብዬ ምያለሁ። ሞላ አፉ ውስጥ ያለውን እስኪውጥ ድረስ ቆየ።

"የለም" አለ። "መርፌዬ ገና ስድስት ቀን ይቀረዋል።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እርስዎ ነገም ይመጣሉ?" አለው።

አያ አበጀ ተደናግጦ ወደኔ ዞረ፤ ፈቃድ የሚጠብቅ መሰለ።

"ና" አልሁት። "በየቀኑ ና። ባዶ እጅህንም ቢሆን ና።"

"ባዶ እጄን?" አያ አበጀ ከተቀመጠበት ተነሣ፤ አንገረቡም ከኔ ጋር መሬት ወረደ። "ሰው መሀል? ምን በደልሁህና ነው እንዲህ የምትሰድበኝ?"

ሞላ ሳቀ። የተነፋ ሆዱን በሁለት እጁ ይዞ፣ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።